የድምፅ ሣጥንና የገንዘብ ሣጥን

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ይህን ተረት ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝ የአንዲት ሩቅ ከተማ ታሪክ ነው። ከተማይቱ ትሬዲጋር ትባላለች፤ በብሪታንያ ደሴት በስተምዕራብ በሚገኘው በዌልስ አገር፣ ሲርሃዊ በተባለው ጠባብ ሸለቆ ራስጌ ላይ ተቀምጣለች። ብረት ማቅለጥ ወለዳት፤ የድንጋይ ከሰል አሳደጋት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል በነበሩት 20 ዓመታት ግን ከሰሉ ገዢ አጣ፤ ማዕድኑ እየተዘጋ ሄደ፤ የሠራተኛው ምድጃም ቀዘቀዘ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በዚያው ዘመን ይኸው ሕዝብ በሕጉ በተወሰነለት ቀን እየወጣ የከተማውን ምክር ቤትና የድኆች ጠባቂዎችን ሸንጎ ሲመርጥ ኖረ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለዚህ ምርጫ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ወገን፤ «ድኃው ድኃውን መረጠ፤ የተመረጠውም የሕዝብ ገንዘብ ለመራጩ አደለ፤ ሣጥኑ ባዶ ሲሆን መንግሥት ሻራቸው፤ አበጀ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ እየሳቀ፤ «የከተማ ምክር ቤት ምርጫ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ሥልጣኑ ለንደን ነበር፤ እነዚያ ሰዎች በከንቱ ደከሙ» ይላል። አንደኛው ሕዝቡን ይንቃል፤ ሁለተኛው ምርጫውን ይንቃል። እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚያው ከታሪኩ አወጣለሁ።

በመጀመሪያ መራጩ ማን እንደ ነበር እንመልከት። በ1918 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ወንዶች ሁሉ ለማለት እስኪቻል ድረስ የፓርላማ ድምፅ ሰጠ፤ 30 ዓመት ለሞላቸው ለብዙ ሴቶችም እንዲሁ ሰጠ። በ1928 ሴቶች ከወንዶች ጋር ተካከሉ። ለከተማው ምክር ቤት የነበረው ሕግ ግን ሌላ ነው። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው በስሙ ቤት ወይም ሱቅ ወይም ሌላ ቦታ የያዘ ሰውና የቤቱ ባለቤት ሚስት ነበሩ። በአባቱ ቤት የሚኖር የ25 ዓመት ጐልማሳ፣ ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ከሰል ሲቈፍር ውሎ የሚገባ ሰው፣ የአገሩን መንግሥት ለመምረጥ ሲፈቀድለት በደጁ የሚያልፈውን ቧንቧ የሚዘረጋውን ሰው ለመምረጥ አይፈቀድለትም ነበር። የራሱ ዕቃ የሌለው ተከራይም እንደዚሁ። ይህ ልዩነት የተነሣው በ1945 ነው። እንግዲህ «ድኃው ሁሉ ተሰብስቦ ሣጥኑን ዘረፈ» የሚል ሰው በቅድሚያ ይህን ያስብ። ሥራ አጥቶ ቤት መያዝ ያቃተው ወጣት፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው፣ በዚያ ምርጫ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም።

ተመራጩስ ማን ነበር? ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም፤ የሚበላ አልነበረምና። ከእነርሱ አንዱ አኑራይን ቤቫን ነው። በ1897 በዚያው በትሬዲጋር ከማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ13 ዓመቱ ወደ ማዕድኑ ወረደ። በሠራተኞች ማኅበር ርዳታ ለንደን ሄዶ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ በ1921 ሲመለስ ሥራ የሚሰጠው አጣ። በ1922 ለከተማው ምክር ቤት ሲመረጥ ራሱ ሥራ ፈት ነበር። ቀን ከሥራ ፈቶች ጋር ተሰልፎ ማታ ስለ ከተማው ውኃና ቤት የሚከራከር እንደራሴ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አላዋቂ» ብሎ ለመስደብ ይቀላል፤ ነገር ግን የችግሩን ልክ ከእርሱ የበለጠ ማን ያውቀዋል?

አሁን ወደ ገንዘቡ ሣጥን እንምጣ፤ ጠቡ ያለው በእርሱ ላይ ነውና። የእንግሊዝ የከተማ ምክር ቤቶች ዋናው ገቢያቸው የቤት ግብር ነበር። ቤቱ ወይም ፋብሪካው ቢከራይ በዓመት ምን ያህል ያወጣል ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ይህን ያህል ሽልንግ ይከፈል ተብሎ ይታወጃል። አንዱ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነበር። ለምሳሌ 10 ፓውንድ የተገመተ ቤት የያዘ ሰው፣ ግብሩ በፓውንድ 10 ሽልንግ ቢሆን በዓመት 5 ፓውንድ ይከፍላል። የድኆች ርዳታም ከዚሁ ግብር ይወጣል። ይህ ሥርዓት የተሠራው በየሰበካው ጥቂት ደካሞችና ጥቂት ባልቴቶች በነበሩበት በድሮው ዘመን ነው። በጤናው ያለ አንድ ከተማ በሙሉ በአንድ ቀን ሥራ ይፈታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በትሬዲጋርና በጐረቤቶቿ የደረሰው ግን ይኸው ነው። በከተማው ውስጥ ከፍተኛው ግብር ከፋይ የማዕድኑ ኩባንያ ነው። ማዕድኑ ሲዘጋ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ግብር ከፋዩ ይጠፋል፤ ርዳታ ለማኙ ይበዛል። ስለዚህ በቀሩት ጥቂት ከፋዮች ላይ ግብሩ ከፍ ይላል፤ ግብሩ ከፍ ሲል ሱቁ ይዘጋል፤ አዲስ ፋብሪካ ለማቋቋም ያሰበውም ሰው ይሸሻል። ከትሬዲጋር በስተምዕራብ ባለችው በመርተር ቲድፊል በ1930ዎቹ ዓመታት ግብሩ በፓውንድ ከ20 ሽልንግ አልፎ ነበር፤ ይህም ቤቱ ያወጣል ከተባለው ኪራይ የሚበልጥ ግብር ነው። በዚያችው ከተማ በ1934 ከመቶ ዋስትና ገቢ ወንዶች መካከል ከ60 በላይ የሚሆኑት ሥራ አልነበራቸውም። በዚሁ ጊዜ በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳር ያሉ የባለጠጎች መዝናኛ ከተሞች ርዳታ የሚጠይቃቸው ድኃ ስላልነበራቸው ግብራቸው ዝቅተኛ ነበር። ቤታቸውን ያሞቀው ከሰል ከወዴት እንደ መጣ ግን አልተጠየቁም። እንግዲህ ፍረዱ፤ ሣጥኑን ባዶ ያደረገው የመራጩ ስስት ነውን? ወይስ አገር በሙሉ ሊሸከመው የሚገባውን ሸክም በአንድ ሸለቆ ጀርባ ላይ የጫነው ሕግ ነው?

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓመት በዓመቱ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን የድኆችን ርዳታ የሚያድለው በየሰፈሩ ሕዝብ የሚመረጠው የጠባቂዎች ሸንጎ ነበር። ትሬዲጋርንና ጐረቤቶቿን የያዘው ሸንጎ የቤድዌልቲ ሸንጎ ይባላል። ከ1921 የሥራ መቋረጥ ጀምሮ ሸንጎው ከግብሩ የሚያገኘው ስላልበቃው ከመንግሥትና ከሌላም እየተበደረ ያበላ ነበር። በ1926 የማዕድን ባለቤቶች የሠራተኛው ደመወዝ እንዲቀነስና የሥራው ሰዓት እንዲጨምር ጠየቁ፤ ሠራተኛው እንቢ ባለ ጊዜ በሩን ዘጉበት። ይህ ወደ 7 ወር ቆየ። በሕጉ መሠረት ሥራ እያለ የማይሠራ ወንድ ለራሱ ርዳታ አያገኝም፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን ያገኛሉ። የቤድዌልቲ ሸንጎ ለሴቶቹና ለሕፃናቱ ሰጠ፤ ዕዳውም ከፍ አለ።

በዚያው በ1926 በጋ፣ ሠራተኛው ደጅ ላይ ሳለ፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ሚስተር ኔቪል ቸምበርሊን አንድ ሕግ አስወጡ። ሕጉ ዕዳውን መክፈል ያቃተውን የጠባቂዎች ሸንጎ ሚኒስትሩ አሰናብተው በምትኩ ራሳቸው ሰዎች እንዲሾሙ የሚፈቅድ ነው። በ1927 በፌብሩዋሪ ወር የቤድዌልቲ ሸንጎ ተሻረ፤ ሹማምንቱ ከበላይ መጡ፤ ርዳታውም በብርቱ ተቀነሰ። ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ወደ ቤታቸው ሄዱ። የተሻሩት ሕፃናትን በማብላታቸው እንጂ በሌላ ጥፋት ተፈርዶባቸው አልነበረም።

ፍርዴ እንዳያዳላ የተቃራኒውንም ወገን ነገር ላቅርብ። ሸንጎው የማይከፍለውን ገንዘብ ተበድሯል፤ ይህ እውነት ነው። በሹመትና በርዳታ አሰጣጥ ለወገን አድልተዋል የሚል ወቀሳም ቀርቦባቸዋል። በእነዚያ ሸለቆዎች አንድ ወገን ብቻ ዘወትር የሚያሸንፍበት ምክር ቤት ብዙ ነበር፤ ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ደግሞ ሒሳቡን የሚመረምርለት ያጣል፤ ስንፍናም ዝምድናም ይገባበታል። ይህን አልክድም። ነገር ግን የሒሳብ ጉድለት መድኃኒቱ ሒሳብ መርማሪ ነው፤ ያዳላ ተመራጭም መድኃኒቱ የሚቀጥለው ምርጫ ነው። ለጥርስ ሕመም አንገት አይቆረጥም። ደግሞስ ሚኒስትሩ የሾሟቸውን ሰዎች ቢያዳሉ ማን ይሽራቸዋል? ባልቴቲቱ ቅር ብትሰኝ በማን ደጅ ትጮኻለች?

ከ1927 በኋላም ነገሩ አልቆመም። በ1929 የወጣው ሕግ የጠባቂዎችን ሸንጎ ከነአካቴው አፈረሰ፤ ሥራውም ከአፕሪል 1930 ጀምሮ ወደ አውራጃ ምክር ቤቶችና ወደ ታላላቆቹ የከተማ ምክር ቤቶች ተላለፈ። ያው ሕግ በፋብሪካና በማዕድን ላይ ከነበረው ግብር ሦስት አራተኛውን አነሣ፤ ለጐደለውም መንግሥት ማካካሻ እንዲሰጥ አደረገ። ይህም ማለት ምክር ቤቱ ከገዛ ከተማው ይሰበስበው የነበረውን ገንዘብ ከለንደን ይጠብቅ ጀመር ማለት ነው። ከ1931 ጀምሮ የረጅም ጊዜ ሥራ ፈቶችን የቤት ንብረትና የቤተሰብ ገቢ የሚመረምሩት የእነዚሁ ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ፣ በተለይም በደቡብ ዌልስ፣ ምርመራውን በርኅራኄ ያደርጉት ነበር። በ1934 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ይህንንም ሥራ ከተመረጡት ሰዎች እጅ ወስዶ ማንም ላልመረጠው አንድ የማዕከላዊ መንግሥት ቦርድ ሰጠው።

ቦርዱ አዲሱን የርዳታ ልክ በጃንዋሪ 1935 ሲጀምር በብዙ ቤት ገንዘቡ ቀነሰ። ቤት የሚውል ልጅ ጥቂት ቢያገኝ ከአባቱ ርዳታ ይቈረጣል። ሕዝቡ የሚሽረው እንደራሴ ስላልነበረው በእግሩ ድምፅ ሰጠ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሰው ወደ አደባባይ ወጣ፤ በ4ኛው ቀን የመርተር ሴቶች የቦርዱን ጽሕፈት ቤት ሰብረው ገቡ፤ በማግሥቱ መንግሥት አዲሱ ልክ ታግዶ ይቆይ ብሎ አስታወቀ። እስቲ አስተውሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሴቶች እንደራሴያቸውን በመንገድ አግኝተው «ምነው?» ይሉት ነበር፤ በምርጫውም ቀን ያወርዱት ነበር። የድምፅ ሣጥኑ ከገንዘብ ሣጥኑ በተለየ ጊዜ ግን የመስኮት መስተዋት ሆነ የተሰበረው። ሰላም የሚጠላ ሰው ከሆነ የሕዝብን ድምፅ ባዶ ያድርግ፤ ሰላም የሚወድ ግን ያክብረው።

በዚያው በ1935 ስለ መርተር እንዲመረምር የተቋቋመው የንጉሥ ኮሚሲዮን ከተማይቱ ራሷን ችላ የምትተዳደርበት ከፍ ያለ ማዕርግ እንዲነሣና ከባዱ ሥራ ወደ አውራጃው እንዲሄድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ሆኖም አካሄዱን ተመልከቱ፤ ድኃ የሆነች ከተማ ስትገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው ገንዘብ እንዴት እንጨምርላት የሚለው አይደለም፤ ሥልጣኗን እንዴት እንቀንስባት የሚለው ነው። እኔ ንቀት የምለው ይህን ነው። አጥሩን የነቀነቁት ባለቤቱን ስለ ናቁ ነው።

አሁን ለሁለተኛው ወገን፣ ለሚስቁት፣ ልመልስ። እነዚህ ሰዎች የሚወዱት አንድ ወግ አለ። ቤቫን በኋላ ዘመን በፓርላማ ቆሞ ስለ ልጅነቱ ተናግሯል። በልጅነቱ የከተማው ምክር ቤት አባል ታላቅ ሰው፣ ምክር ቤቱም ሥልጣን ያለበት ቦታ እንደ ሆነ ይነገረው ነበር። አድጎ እዚያ ገባ፤ ሥልጣኑ ግን ወደ አውራጃው ምክር ቤት ሄዷል ተባለ። በ1928 አውራጃው ምክር ቤት ገባ፤ ከዚያም ሄዷል ተባለ። በ1929 ፓርላማ ገባ፤ በዚያም የሥልጣንን የልብስ ጫፍ እንጂ መልኩን አላገኘም። ሰዎቹ ይህን እየጠቀሱ «አያችሁ፤ የከተማ ምርጫ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን የሚያይ የለም» ይላሉ።

ሥልጣን ግን እግር የለውም፤ ብቻውን አይሄድም። የሚሄደው ሲወስዱት ነው። ከዚህ በላይ የቈጠርኳቸው ዓመታት፣ 1926፣ 1927፣ 1929፣ 1934፣ የወሳጆቹ ዱካ ናቸው። የማይረባ ነገር ቢሆን ኖሮ ስለ ምን ያንን ያህል ሕግ እያወጡ ይወስዱት ነበር? ከባዶ ቤት ሌባ አይገባም።

ደግሞም በእጃቸው የቀረው ትንሽ አልነበረም። የከተማው ምክር ቤት ቤት ይሠራል፤ በ1919 እና በ1924 የወጡት ሕጎች ለዚህ ከመንግሥት ድጎማ ሰጥተውታል። ውኃ ያስመጣል፤ ቆሻሻ ያስጠርጋል። የሚፈስ ጣሪያ ሥር ለሚያድግ ሕፃን ከለንደኑ ንግግር ይልቅ ይህ ይበልጥበታል። ከሁሉ በላይ ግን ምክር ቤቱ ትምህርት ቤት ነበር። የትሬዲጋር ሠራተኞች ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት ፔኒ እያዋጡ የራሳቸው የሕክምና መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው፤ ሐኪሞቹ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከማኅበሩ ነበር፤ ማኅበሩንም ሠራተኞቹ የመረጡት ኮሚቴ ያስተዳድረው ነበር። ሐኪሙና ደራሲው ክሮኒን ከ1921 እስከ 1924 በዚያ ከተማ ሠርተዋል። ሠራተኞቹ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍትም ነበራቸው። ቤቫን በምክር ቤቱ፣ በሆስፒታሉ ኮሚቴና በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሒሳብ ማንበብን፣ መከራከርን፣ ተሸንፎ መቀመጥንም ተማረ።

በ1945 ይህ ሰው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ሆነ። ይህም ከ18 ዓመት በፊት የከተማውን ሸንጎ የሻረው ያው ወንበር ነው። በጁላይ 5 ቀን 1948 ለብሪታንያ ሕዝብ በሙሉ ነፃ ሕክምና ተከፈተ፤ በዚያው ዕለት የጥንቱ የድኆች ሕግ ተሻረ። «በከንቱ ደከሙ» የሚሉ ሰዎች ይህን በየትኛው መዝገብ ይጽፉታል?

እዚህ ላይ ብልኅ ተከራካሪ አንድ ጥያቄ ያነሣብኛል። «ያንተው ቤቫን ሚኒስትር ሲሆን የከተሞቹን ሆስፒታሎች ከምክር ቤቶቹ እጅ ወስዶ ወደ መንግሥት አላዞረምን? ባልደረባው ኸርበርት ሞሪሰን ስለ ምክር ቤቶቹ ቢከራከሩም አልሰማቸውም።» እውነት ነው፤ አድርጎታል። ምክንያቱንም መረዳት ይቻላል፤ ባለጠጋ ከተማ ጥሩ ሆስፒታል፣ ድኃ ከተማ መጥፎ ሆስፒታል እንዲኖራቸው አልፈለገም፤ የባዶ ሣጥንን ነገር ከመጽሐፍ አልተማረውምና። ነገር ግን ለወዳጅ ብዬ ፍርድ አላጣምም። ገንዘቡ ከአገር ሁሉ እንዲዋጣ ማድረጉ ትክክል ነበር፤ ከገንዘቡ ጋር ግን የአካባቢው ሰው ውሳኔ አብሮ መሄዱ ጉዳት አለው። ከሩቅ ያለ ሚኒስቴር ቸርም ቢሆን ሩቅ ነው። ቤቫን የሕዝቡን ሸክም አቀለለ፤ የሕዝቡን ቁልፍ ግን ሙሉ በሙሉ አልመለሰም።

እንግዲህ የነገሬ ማሠሪያ ይህ ነው። ሸክሙ የአገር ሁሉ ይሁን፤ ውሳኔው የሰፈሩ ይሁን። ድኃ ከተማ በገዛ ድኽነቷ እንድትኖር ትቶ ምርጫ መስጠት ማላገጥ ነው፤ ገንዘብ ሰጥቶ ምርጫዋን መንሣት ደግሞ ሞግዚትነት ነው። የድምፅ ሣጥንና የገንዘብ ሣጥን በአንድ ቤት ሲቀመጡ ብቻ ነው ተመራጩ የሚያፍረው፣ መራጩም የሚጠይቀው።

በጽሕፈት ቤት የተቀመጥህ ባለሥልጣን ሆይ፤ «ሕዝቡ ገና አልበሰለም» ለማለት ስትነሣ በ1922 የተመረጠውን ሥራ ፈት አስበው። ሰው ዋና የሚማረው ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ሲዋኝ ካላየሁት አላስገባውም የሚል መምህር ደቀ መዝሙር አይኖረውም። አንተም መምህር፣ የመንግሥትን ታሪክ ስታስተምር ከነገሥታትና ከጦርነት ቀጥለህ ውኃና ጣሪያ የተከራከሩበትን የሸንጎ ቃለ ጉባኤ አስነብብ። ተማሪው ደግሞ የሰፈሩን ምርጫ ንቆ የሩቁን ብቻ አይመልከት፤ በቅርቡ ሒሳብ መጠየቅን ያልለመደ ሰው በሩቁም አይጠይቅም። የትሬዲጋር ሰዎች ቁልፋቸው እየተወሰደ እንኳ ምርጫቸውን አልተዉም። ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ግን ቢተወው የሚያሳብበው አይኖረውም።